በጃፓን አገር በሕዝብ መኖሪያ ቤት ስለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች

ወደ ጃፓን የሚሄድ ተማሪ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ቋንቋው ነው። ነገር ግን ከቋንቋው በፊት የሚፈትነው የቤት ነገር ነው። የጃፓን የፍትሕ ሚኒስቴር በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ባወጣው ጥናት፥ ቤት ፈልገው ከነበሩት የውጭ አገር ሰዎች ከመቶ 39 ያህሉ የውጭ አገር ሰው በመሆናቸው ተከልክለናል ብለዋል። ባለቤቱ እሺ ቢልም ዋስና መያዣ ይጠየቃል፤ ከዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ «የምስጋና ገንዘብ» የሚሉት የማይመለስ ክፍያ አለ። ተከራዩ ገና ሳይገባበት ያመሰግናል ማለት ነው!

ስለዚህ ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ሕዝብ ቤት ይመልሳሉ። ይኸውም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በ1951 በወጣው ሕግ መሠረት ማዘጋጃ ቤቶችና ጠቅላይ ግዛቶች ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚያከራዩት ነው፤ ኪራዩ በገቢው ልክ ይተመናል፥ ፈላጊ ሲበዛም ዕጣ ይጣላል። ሁለተኛው በ1955 የተቋቋመው የቤቶች ኮርፖሬሽን የሠራው፥ ዛሬ ዩ አር የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው ነው። ይህኛው ርካሽ አይደለም፥ የገቢም ማስረጃ ይጠይቃል፤ ግን ዋስ፥ የምስጋና ገንዘብና የደላላ ዋጋ የለበትም። ብቻውን የሚኖርን ወጣት በመጀመሪያው ዐይነት ቤት የማይቀበሉ ከተሞች ብዙ ስለ ሆኑ፥ የተማሪ ተስፋ ይልቁንም በሁለተኛው ነው።

ይህ በር ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። የ1951ዱ ሕግ የውጭ አገር ሰው አይግባ ብሎ አልጻፈም፤ ሹማምንቱ ግን ሕጉ ለጃፓን ዜጎች ብቻ ነው ብለው ተረጐሙት። በ1952 የጃፓን ዜግነታቸውን ያጡት በዚያ የሚኖሩ ኮርያውያን ግብር እየከፈሉ ከደጅ ቀሩ። አንዳንድ ከተሞች ቀደም ብለው ቢከፍቱም፥ በጠቅላላው የተፈቀደው ጃፓን የሰብአዊ መብት ቃል ኪዳኖችን በ1979 ካጸደቀች በኋላ፥ በ1980 ነው።

የተሻሻለው የኢሚግሬሽን ሕግ በ1990 ሥራ ላይ ሲውል የጃፓናውያን ዘር የሆኑ ብራዚላውያን ለፋብሪካ ሥራ መጡ። በቶዮታ ከተማ የሚገኘው የሆሚ ዳንቺ (ዳንቺ ማለት አንድ ዐይነት ሕንፃዎች የተደረደሩበት መንደር ነው) ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የውጭ አገር ሰው ሆነ። እዚያም ስለ ቈሻሻ አጣጣልና ስለ ሌሊት ጫጫታ ጠብ ተነሣ።

«ለምን ተሰብስበው ይኖራሉ?» የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን ነቀፋው ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ሌላውን ደጅ ዘግቶ በቀረው አንድ ደጅ ሰው በዛ ማለት ምን ፍርድ ነው? በሌላ በኩል የሽማግሌዎቹም ብሶት ሐሰት አይደለም። ደረጃ የሚጠርገው፥ ሣር የሚያጭደው፥ በዓል የሚያዘጋጀው ጂቺካይ የተባለው የነዋሪዎች ማኅበር ነው፤ አባሎቹ አርጅተዋል፥ አዲስ ገቢዎች ደግሞ ማኅበሩ መኖሩን የሚነግራቸው የለም። የቈሻሻው ሕግ እንኳ በስንት ዐይነት ተለይቶ፥ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ፥ በጃፓንኛ ብቻ ተለጥፎ ከሆነ ማን ያውቀዋል?

በካዋጉቺ ከተማ የሺባዞኖ ዳንቺ ወደ 2,450 ቤቶች አሉት፤ ከነዋሪዎቹ ከግማሽ በላይ የውጭ አገር ሰዎች፥ በብዛትም ቻይናውያን ናቸው። በአደባባዩ ጠረጴዛዎች ላይ ቻይናውያንን የሚያዋርድ ጽሑፍ ተጽፎ ነበር። በ2015 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከነዋሪዎቹ ጋር ሆነው ቀለም አመጡ፤ በስድቡ ላይ ጃፓናውያኑም ቻይናውያኑም የየራሳቸውን መዳፍ አተሙበት።