የባልንጀራን ገመና ስለ መሸፈን

ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን ሆኖ ተኝቶ ሳለ፣ ካም አይቶ ወጣና ለወንድሞቹ ነገራቸው፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ ይዘው የኋሊት ሄዱ፤ ፊታቸውንም መልሰው የአባታቸውን ገመና ሸፈኑ (ዘፍ. 9፥20-27)። ካም የተናገረው ሐሰት እንዳልነበረ ልብ እንበል። በደሉ ሊሸፍነው የሚገባውን እውነት ወደ ውጭ ማውጣቱ ነው። እንግዲህ «እውነት ነውና ባወራው ምን አለበት?» የሚል ክርስቲያን ሁሉ ይህን ታሪክ ያስብ።

የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚገናኙባት በወረታ ከተማ፣ ወሬ ቀድሞ የሚጓዘው በመንገደኛ አፍ ነበር። ዛሬ ግን የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ ወይም የአንድ ሕመምተኛ ምስጢር በእጅ ስልክ ተልኮ በደቂቃ ባሕር ማዶ ይደርሳል። ርብና ጉማራ ሲሞሉ የሚያውቅ የፎገራ ገበሬ ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል። የሩዝ ማሳውን ውኃ የያዘውን የአፈር ግድብ ያፈረሰ ሰው፣ ውኃው በማን እርሻ ላይ እንደሚቆም ሊያዝዘው አይችልም፤ ሊሰበስበውም አይችልም። ስለ ጥፋቱ ግን ይጠየቃል።

የአገራችንም ሕግ እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የተነገረው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ተናጋሪው ለመጉዳት ብቻ ብሎ የተናገረው እንደ ሆነ ከኀላፊነት አያድነውም (ቁጥር 2047)። ሕጉ ለይቶ ከፈቀደው በቀር የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትንም ይከለክላል (ቁጥር 27)። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ የሌላውን ሰው ክብርና ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል አውቆ ያሠራጨ ሰው፣ ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ መቀጮ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ይደነግጋል (አንቀጽ 13)። ሕጉ የሚጠይቀው ያሠራጨውን ስለ ሆነ፣ «የጻፈው ሌላ ነው፤ እኔ የደረሰኝን አሳለፍሁ እንጂ» ማለት በቂ መልስ አይሆንም።

ስለዚህ የንስሐ አባት የሰማውን ኑዛዜ፣ ስም ባይጠራ እንኳ፣ ባለቤቱ በሚታወቅበት አኳኋን ለትምህርት ምሳሌ ሊያደርገው አይገባም። ምእመናንም ለታመመ ሰው ምጽዋት ለማሰባሰብ ቁስሉን በፎቶግራፍ ከማሳየታቸው በፊት ፈቃዱን ይጠይቁ፤ ሰው ቢቸገርም ክብሩ አብሮት ይኖራልና።

ሆኖም ገመናን መሸፈን ወንጀልን መደበቅ አይደለም። ሕፃን የተደፈረ፣ ድኻ የተገፋ እንደ ሆነ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ማመልከት ይገባል። ወንድምም ቢበድል፣ ጌታ ያስተማረን አስቀድሞ ለብቻው መውቀስን ነው (ማቴ. 18፥15)። እነዚህ መንገዶች ያርማሉ፤ በአደባባይ ማዋረድ ግን አያርምም።

በዚህ ነገር የበደለም ሰው መናዘዙ ብቻ አይበቃውም። ያሠራጨውን ያጥፋ፤ የላከላቸውም ሁሉ እንዲያጠፉት ይለምን፤ ተበዳዩን ይቅርታ ይጠይቅ፤ ይካሰውም። ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቶአልና (ሉቃ. 19፥8)። ነገር ግን ገንዘብ ይመለሳል፤ የወጣ ገመና አይመለስም። ስለዚህ ለመላክ እጃችንን ከማንሣታችን በፊት፣ እንደ ሴምና እንደ ያፌት ልብሱን እናንሣ።