የልጅዎ ዓይን በየትኛው መሣሪያ ተለካ? (ሪያድ ላሉ ወላጆች)

ልጅዎ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አይታየኝም ይላል? ቴሌቪዥን ሲያይ በጣም ይጠጋል? ዓይኑን ያጨናብሳል? ማዮፒያ ሊሆን ይችላል። ቅርቡን እያየ ሩቁ የሚደበዝዝበት ችግር ነው፤ በዐረብኛ «ቂሰር ነዘር» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የዓይን ኳስ ከሚገባው በላይ ሲረዝም ነው።

ሪያድ ውስጥ መነጽር ቤት በየሰፈሩ አለ። መለኪያው ግን ብዙ ዓይነት ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ልዩነቱን ይወቁ።

1. ኮምፒውተሩ (አውቶሪፍራክቶሜትር)

ልጁ አገጩን አስደግፎ ውስጥ ያለውን ሥዕል ያያል። ወዲያው ቁጥር የታተመበት ወረቀት ይወጣል። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት (−) ካለ ማዮፒያን ያመለክታል።

ፈጣን ነው፣ አያምም። ችግሩ የልጅ ዓይን ቅርብ ለማየት የሚኮማተር ብርቱ ጡንቻ አለው። ልጁ ሲለካ ይህ ጡንቻ ከሠራ፣ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይወጣል። ማዮፒያ የሌለበት ልጅ እንኳ ያለበት ሊመስል ይችላል። በዚህ ወረቀት ብቻ የተሠራ መነጽር ከልክ በላይ ጠንካራ ሆኖ ልጁን ራስ ምታትና የዓይን ድካም ሊያመጣበት ይችላል።

2. በጠብታ የሚደረግ ምርመራ

ሳይክሎፔንቶሌት የሚባለው ጠብታ ያንን ጡንቻ ለጊዜው ያሳርፈዋል። ከተጨመረ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያህል ተቆይቶ ይለካል። የሚለካው በዚያው በኮምፒውተሩ ወይም በሬቲኖስኮፕ ነው። ሬቲኖስኮፕ ሐኪሙ በእጁ ይዞ ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚያበራበት መሣሪያ ነው፤ ልጁ መናገር ስለማይጠበቅበት ለትንንሾቹም ይሆናል።

ጠብታው ትንሽ ያቃጥላል፤ እስከ አንድ ቀን ድረስም ቅርብ ነገር ያደበዝዛል፣ ፀሐይ ያስቸግራል። ኮፍያ ይያዙ። ለልጅ የመጀመሪያ መነጽር አስተማማኙ ልኬት ይህ ነው።

3. የዓይን ርዝመት መለኪያ (ባዮሜትር)

ይህ የመነጽር ቁጥር አይሰጥም። ዓይኑ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይናገራል። የአዋቂ ዓይን ከ23 እስከ 24 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 1 ሚሊሜትር ትርፍ ርዝመት 2.5 ዳዮፕተር ያህል ማዮፒያ ያመጣል። ስለዚህ ችግሩ እየባሰ መሆኑን ለመከታተል ይጠቅማል።

ሁለት ዓይነት አለ። እንደ አይኦኤል ማስተር ያሉት በብርሃን፣ ዓይን ሳይነኩ ይለካሉ፤ በጣም ትክክለኛ ናቸው። በአልትራሳውንድ የሚለካው ግን ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ ጠብታ ተጨምሮ ዓይን ይነካል፤ ትክክለኛነቱም ያነሰ ነው። አንድ ጊዜ በዚህ፣ ሌላ ጊዜ በዚያ ከተለካ ልዩነቱ ከመሣሪያው ይሁን ከልጁ አይታወቅም። ክትትሉ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ይሁን።

ምን ያድርጉ?

• «ፈሕስ ነዘር ቢል ቀጥራ» (በጠብታ የሚደረግ የዓይን ምርመራ) ብለው ይጠይቁ።
• በግል ድርጅት ተቀጥረው በኢቃማ የሚሠሩ ከሆነ፣ በስፖንሰርነትዎ ሥር ላሉ ልጆችዎም የጤና ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ የአሠሪው ነው። የዓይን ምርመራና መነጽር እስከ ስንት ሪያል እንደሚሸፈን አስቀድመው ያጣሩ።
• የውጤቱን ቅጂ ይውሰዱ። ቀኑ፣ የመሣሪያው ስምና በጠብታ መለካቱ ወይም አለመለካቱ ይጻፍበት።
• በሕክምና አገልግሎት ቅሬታ ካለዎት የጤና ሚኒስቴር ስልክ 937 ነው።
• ልጅዎ ድንገት ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ከታየው ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ወረቀቶቹን አንድ ላይ ያስቀምጡ፤ ፎቶ አንስተውም ስልክዎ ላይ ይያዙ። ነገ ወደ አገር ቤት ቢመለሱ፣ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ የሚያየው ሐኪም ዓይኑ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያውቀው ከእነዚህ ወረቀቶች ነው።