ከጦር ግንባር መልስ፦ ክሮፎርድ ያደገበትን ምድር ከአየር ያነበበበት መንገድ

የአየር ፎቶግራፍ ለአርኪዮሎጂ የዋለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ሆኖም ጎደሎ ነው። የእንግሊዛዊው ኦ. ጂ. ኤስ. ክሮፎርድ ሥራ እንደሚያሳየው፣ አውሮፕላኑ ያቀረበውን ምስል የሚነበብ ያደረገው አስቀድሞ በእግር የተገኘ ዕውቀት ነው።

ክሮፎርድ እ.ኤ.አ. በ1886 በቦምቤይ ተወልዶ፣ ወላጆቹን በልጅነቱ በማጣቱ እንግሊዝ አገር በአክስቶቹ እጅ አደገ። በተማሪነቱ የሃምፕሻየርንና የዊልትሻየርን ኮረብታዎች በእግሩ እየዞረ ጥንታዊ የመቃብር ጉብታዎችን ይመለከት ነበር። በጦርነቱ መጀመሪያ እግረኛ ወታደር፣ ቀጥሎም የካርታ መኮንን፣ ከ1917 ጀምሮ ደግሞ የአየር ቃኚ ሆነ። በ1918 አውሮፕላኑ ተመትቶ በጀርመኖች እጅ ተማረከ።

የቃኚ ሥራ ዓይንን ያሠለጥናል። ፀሐይ ዝቅ ስትል ዝቅተኛ የአፈር ክምር እንኳ ረጅም ጥላ ይጥላል፤ የጠላት ምሽግ የሚጋለጠው በዚህ ነው። ይኸው ጥላ የጥንት እርሻ ድንበርንም ያወጣል። ሌላው ምልክት አዝመራው ራሱ ነው። የተደፈነ ቦይ አፈሩ ጥልቅና እርጥብ ስለሆነ በላዩ የበቀለው እህል ይረዝማል፣ ልምላሜውም ይቆያል፤ የተቀበረ ግንብ ባለበት ግን ያጥራል፣ ቶሎም ቢጫ ይሆናል። በማሳው ውስጥ የቆመ ሰው ይህን አያይም፤ በነጠላ ጥለት ላይ የምትሄድ ጉንዳን የጥለቱን ቅርጽ እንደማታይ ሁሉ።

ክሮፎርድ በ1920 በብሪታንያ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት የአርኪዮሎጂ መኮንን ሆኖ ተቀጠረ። በ1921 በአየር ኃይል ከተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ከስቶንሄንጅ የሚነሣውን ጥንታዊ ጎዳና ጠፍቶ የነበረ ክፍል ለየ። ግን በምስሉ ብቻ አልረካም፤ በ1923 ቦታው ድረስ ሄዶ በቁፋሮ አረጋገጠ። በ1924 ከአሌክሳንደር ኬይለር ጋር ሆኖ በልጅነቱ የረገጠውን ምድር ከአየር አነሣ፤ ውጤቱም በ1928 በመጽሐፍ ታተመ። ይኸው ሰው በሕይወቱ መጨረሻ ከ1400 እስከ 1524 ድረስ ባሉት ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ያመሩ የጉዞ መስመሮችን ማጥናቱን በዚህ አጋጣሚ መጥቀስ ይገባል።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ የአገራችንን ምድር ከአየር አንሥተዋል፤ ከ8,000 በላይ የፎቶግራፍ ገበታዎችም አዲስ አበባ ተገኝተው ለተመራማሪዎች ውለዋል። አንሺዎቹ ምድሩን በእግራቸው አያውቁትም ነበር፤ ዓላማቸውም ወረራ ነበር። በእግሩ የሚያውቀው ትውልድ ደግሞ እያለፈ ነው።

ለማስተርስ ጥናቴ የትውልድ ቀበሌዬን ከሚያሳዩት በአንዱ ላይ ነጣ ያለ ክብ አይቼ «የቤት መሠረት» ብዬ ምልክት አድርጌ ነበር። አያቴ ምስሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩና፣ በልጅነታቸው በሬ የነዱበት አውድማ መሆኑን ነገሩኝ። ምልክቱን አረምኩት። በዚያው ምስል ላይ እርሳቸውም ያላወቋቸው ሦስት ክቦች አሉ፤ ክረምቱ ሲወጣ በእግሬ ሄጄ አያቸዋለሁ።