የአነስተኛ ድረ ገጽ ሥራ ቤት የዕለት አመራር
ለነጋዴም ለባለሙያም የሚጠቅም ትምህርት

ቀድሞ የአንድ ነጋዴ ስም የሚታወቀው በሱቁ በራፍ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳና በደብዳቤው ግርጌ በሚያርፈው ማኅተም ነበር። ዛሬ ግን በሐምቡርግም ሆነ በጂዳ ያለው ገዢ ከእኛ ጋር ከመዋዋሉ በፊት አስቀድሞ የሚመለከተው ድረ ገጻችንን ነው። ይህንንም ድረ ገጽ የሚያዘጋጁልን ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሰዎች በአንድ ክፍል የሚሠሩባቸው፣ በተለምዶ ስቱዲዮ የሚባሉት አነስተኛ ሥራ ቤቶች ናቸው። የእነርሱ አመራር መልካም ወይም ክፉ መሆን የእኛንም ንግድ የሚነካ ስለ ሆነ፣ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ትምህርት ለማቅረብ አሰብሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። እኔ ሰሊጥና ቡና ወደ ውጭ አገር በሚልኩ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ነኝ። የቀድሞው ባለሙያችን የድረ ገጻችንን ስም በራሱ ስምና በራሱ ኢሜል አስመዝግቦት ኖሮ፣ ሥራውን ትቶ በሄደ ጊዜ የእድሳቱ ማስጠንቀቂያ ወደ እኛ ሳይደርስ ቀረ። አንድ ሰኞ ጧት ቢሮ ገብቼ ኮምፒዩተሬን ብከፍት ድረ ገጹ የለም። ከዚህም የከፋው፣ በዚያው ስም የሚመጣው ኢሜላችን ሁሉ ቆሟል። አንድ የውጭ አገር ገዢ ናሙና እንድንልክለት ጽፎልን ኖሮ፣ መልስ ቢያጣ ከሌላ ላኪ መግዛቱን ኋላ በስልክ ነገረን። ስሙንም ለማስመለስ ከእድሳቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ከፈልን። ጥፋቱ ግን የባለሙያው ብቻ አልነበረም። የንግድ ፈቃዱንና የመድን ውሉን የማሳደሻ ቀን በመዝገብ የምጽፈው እኔ፣ የዚህን ስም ቀን አልጻፍሁም ነበር። አሠሪዬ አንድ ቃል ሳይናገሩኝ ዝም ማለታቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

አዲስ ስቱዲዮ በያዝን ጊዜ አሠሪዬ «ሄደህ አሠራራቸውን ተመልከት» ብለው ላኩኝ። አራት ሰዎች ወዳሉበት ወደዚያ ቤት ጥቂት ቀናት ተመላልሼ የተማርሁትን በስድስት ክፍል እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጧት ሥራ

በሥርዓት የሚመራ ስቱዲዮ አዲስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ይፈጽማል። መጀመሪያ፣ የደንበኞቹ ድረ ገጾች ሁሉ መከፈታቸውን ያያል። ሁለተኛ፣ የሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ በትክክል መቀመጡን ይመረምራል። ሦስተኛ፣ በኢሜልም ሆነ በስልክ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ በአንድ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ በሠራተኛ አእምሮ ብቻ የተያዘ ጥያቄ ይረሳልና።

ቅጂው ድረ ገጹ ካለበት ሰርቨር ተለይቶ በሌላ ስፍራ መቀመጥ አለበት። ሁለቱን በአንድ ስፍራ ማኖር የሱቅን ቁልፍና ተለዋጩን በአንድ ቀለበት እንደ መያዝ ነው፤ ሲጠፉ አብረው ይጠፋሉ። ደግሞም ተመልሶ ሊከፈት መቻሉ ያልተፈተነ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች በየወሩ አንዱን ቅጂ አውጥተው ይሞክሩታል።

ወርድፕረስን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች በየጊዜው መታደስ ያስፈልጋቸዋል፤ ያልታደሰ ፕሮግራም ለሌባ የተከፈተ መስኮት ነው። ዳሩ ግን እድሳቱ የሚደረገው ቅጂ ከተያዘና በሙከራ ገጽ ላይ ከታየ በኋላ ነው። ዓርብ ማታ ከቶ አያድሱም፤ አንድ ነገር ቢበላሽ እስከ ሰኞ የሚያቃናው ሰው አይገኝምና። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ጸጥታ ለሚሻው የዲዛይን ሥራ ይጠበቃል። አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ለደንበኞች ስልክ የሚደወለው ከምሳ በኋላ ነው።

2ኛ. ስለ ሰዓትና ስለ ዋጋ

ብዙ ወጣቶች ሥራቸው መልካም ሆኖ ሳለ ቤታቸውን የሚዘጉት የሚሸጡትን ዕቃ ባለማወቃቸው ነው። ስቱዲዮ የሚሸጠው ሰዓት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ስቱዲዮ ለደመወዝ 160,000፣ ለኪራይ 40,000፣ ለመብራት፣ ለኢንተርኔትና ለፕሮግራም 20,000፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ 20,000 ብር በወር ያወጣል እንበል። ድምሩ 240,000 ብር ይሆናል። በቀጥታ ለደንበኛ የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ቢሆኑ፣ በቀን 8 ሰዓት በወር 22 ቀን ሲሠሩ 352 ሰዓት ይሆናል። ባለቤቱ 240,000ውን ለ352 አካፍሎ ሰዓቱን በ682 ብር ቢሸጥ ትክክል ይመስለዋል።

ነገር ግን ከዚህ ሰዓት ውስጥ ለስብሰባ፣ ለእርማት፣ ለመማርና ዋጋ ለማቅረብ የሚውለው ብዙ ነው። በእውነት የሚሸጠው 200 ሰዓት ቢሆን፣ የሚገባው 136,400 ብር ብቻ ስለ ሆነ በየወሩ 103,600 ብር ይጎድልበታል። ትክክለኛው ሒሳብ 240,000 ለ200 ሲካፈል 1,200 ብር ነው፤ ይህም ትርፍን ሳይጨምር መሆኑን አስተውሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሠራበትን ሰዓት በየማታው ይጽፋል፤ ባለቤቱም በየሳምንቱ ከተገመተው ጋር ያስተያያል። ከሌላው ሁሉ በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ የሚል ስቱዲዮ ቢያጋጥመን ደስ አይበለን። እርሱ ሲዘጋ የእኛ ድረ ገጽ ያለ ጠባቂ ይቀራል።

3ኛ. ስለ ውልና ስለ ቀብድ

በኤል ሲ የሠራ ነጋዴ ሁሉ ባንክ የሚከፍለው በመልካም ቃል ሳይሆን በሰነድ መሆኑን ያውቃል። የድረ ገጽ ሥራም እንዲሁ ነው። ውሉ ስንት ገጽ እንደሚሠራ፣ በስንት ቋንቋ እንደሚጻፍ፣ እርማት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለይቶ መናገር አለበት። እኔ ያየሁት ቤት 40 በመቶ ቀብድ፣ ንድፉ ሲጸድቅ 30 በመቶ፣ ድረ ገጹ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት የቀረውን 30 በመቶ ይቀበላል።

«ይቺን ትንሽ ነገር ብቻ ጨምሩልኝ» የሚለው የደንበኛ ቃል የስቱዲዮ ነቀዝ ነው። ስለሆነም ተጨማሪ ሥራ ሁሉ ዋጋውና ቀኑ በአጭር ወረቀት ተጽፎ፣ ደንበኛው ከፈረመ በኋላ ብቻ ይጀመራል። ደግሞም የሰርቨር ኪራይ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ በብር የቀረበ ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና ሊጻፍበት ይገባል።

4ኛ. ስለ ደንበኛው ግዴታ

የስቱዲዮው ባለቤት አንዲት ወጣት ሴት ናት። ስለ መዘግየት ስጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ከዘገዩብን ሥራዎች አብዛኞቹ የዘገዩት በኮምፒዩተር ምክንያት አይደለም፤ ከደንበኛው ፎቶግራፍና የዕቃ ዝርዝር ስንጠብቅ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። መርከቡ ወደብ ደርሶ ሰነዱ ባልደረሰበት ጊዜ ዕቃው ቆሞ ኪራይ እንደሚቆጥር ሁሉ፣ ጽሑፍ የሌለው ንድፍም እንዲሁ ይቆማል። እንግዲህ ነጋዴው ጽሑፉን፣ የዕቃውን ደረጃና ፎቶግራፉን አስቀድሞ ያዘጋጅ። ደግሞም ውሳኔ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይመድብ፤ ልጅም ወንድምም ሒሳብ ሹምም በየፊናቸው የሚያዙበት ሥራ ፍጻሜ የለውም።

5ኛ. ስለ ፊደልና ስለ ፎቶግራፍ

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሥርዓት በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ሰነድ እንዳለ ወደ ድረ ገጽ ቢገለበጥ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ እንደገና መጻፍ ወይም መለወጥ ያስፈልገዋል። የፎቶግራፍም ክብደት ይታሰብበት። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢመዝን፣ 20 ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ 80 ሜጋባይት ይሆናል። እያንዳንዱን ወደ 200 ኪሎባይት ብናሳንሰው ግን ገጹ በሙሉ 4 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ገዢው ለኢንተርኔቱ ከኪሱ የሚከፍል በመሆኑ፣ ከባድ ገጽ እስኪከፈት አይታገሥም። ስለዚህ ሥራው የሚፈተነው በስቱዲዮው ትልቅ ኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን በርካሽ ስልክም ነው።

6ኛ. ስለ ስምና ስለ ቁልፍ

የድረ ገጽ ስም እንደ ንግድ ስም ያለ ሀብት ነው። በነጥብ ኮም የሚያልቁትን ስሞች በሚመለከተው በአይካን ደንብ መሠረት፣ አስመዝጋቢው ድርጅት ጊዜው ከማለቁ አንድ ወር ገደማና እንደገና አንድ ሳምንት ገደማ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ግን ባለቤት ተብሎ ወደ ተመዘገበው ሰው ነው። ስሙ ከተሰረዘም በኋላ በ30 ቀን ውስጥ በከፍተኛ ዋጋ ማስመለስ ይቻላል፤ ይህ ካለፈ ማንም ሊወስደው ይችላል። በነጥብ ኢቲ የሚያልቁት የአገራችን ስሞች ግን የሚተዳደሩት በኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ስለዚህ መልካም ስቱዲዮ ስሙን በነጋዴው ድርጅት ስም ያስመዘግባል፤ ሥራውን ሲያስረክብም የይለፍ ቃሎቹን በዝርዝር አስፈርሞ ይሰጣል። ደግሞ የጎብኚዎችን ስምና ስልክ የሚቀበል ድረ ገጽ ካለን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን አንዘንጋ።

በመጨረሻ ባለመደብሮችንና ጸሐፊዎችን ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ዛሬውኑ መዝገባችሁን ክፈቱ፤ የድረ ገጻችሁ ስም በማን እንደ ተመዘገበ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ቅጂውም የት እንደሚገኝ ጻፉ። ከአራቱ አንዱን መመለስ ካቃታችሁ፣ ሰኞ ጧት ሳይደርስ ባለሙያችሁን ጥሩ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። እኔ ቀኑን አሁን ከንግድ ፈቃዱ ቀን አጠገብ በቀይ ቀለም ጽፌዋለሁ።