ኮምፒዩተር በትምህርት ቤቶቻችን፦ ለመምህሩ እገዛ ወይስ ተጨማሪ ሸክም?

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና አልቆ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲሰናበቱ የመምህራን ሌላው ሥራ ገና መጀመሩ ነው። በዚያ ሰሞን ከቁምስናዎቻችን ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ ረጅሙን የሮስተር ወረቀት በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ መስመር እንዳይዘሉ ማስመሪያ አስደግፈው ቍጥር የሚደምሩ መምህራንን ያገኛል። ሥራውን በአኃዝ ብናስበው ክብደቱ ይታወቀናል። በአራት ምድብ፣ በእያንዳንዱ ምድብ 55 ተማሪዎችን ሒሳብ የሚያስተምር መምህር 220 ልጆች አሉት። በመንፈቁ አምስት ጊዜ ቢመዝናቸው 1,100 ውጤት ይጽፋል ማለት ነው። ይኸው መምህር የአንድ ክፍል ኃላፊ ከሆነ ደግሞ የ10 የትምህርት ዓይነቶችን ውጤት ለ55 ተማሪዎች በሮስተር ላይ ያሰፍራል፤ ይህም 550 ቍጥር ይሆናል። ይደምራል፣ አማካይ ያወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል፤ ከዚያም ያንኑ 550 ቍጥር እንደገና ወደ ተማሪዎቹ ካርድ ይገለብጣል። አንዲት ድምር ከተሳሳተች የብዙ ልጆች ደረጃ ይዛባል፤ የተጻፈውም ካርድ ይቀደዳል።

ለዚህ ሥራ መብዛት አንዱ ምክንያት ተከታታይ ምዘና ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ያካተተው ይህ አሠራር፣ ተማሪው በአንድ የመጨረሻ ፈተና ብቻ እንዳይዳኝ ድካሙ በየጊዜው እንዲታይ የሚያደርግ በመሆኑ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የተጨመረውን መዝገብ የሚይዘው መምህሩ ነውና፣ የእርማቱና የመደመሩ ሰዓት የሚወሰደው ለነገው ትምህርት ከሚዘጋጅበት ወይም ከቤተሰቡ ጋር ከሚያሳልፈው ምሽት ላይ ነው።

የትምህርት ቤት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሚባለው ፕሮግራም የመጣው ይህን የመሰለውን ሥራ ለማቅለል ነው። የተማሪዎችን ምዝገባ፣ ከክፍል መቅረትን፣ ውጤትን፣ የክፍለ ጊዜ ድልድልን፣ የወርኃዊ ክፍያን ሒሳብና ለወላጆች የሚላከውን መልእክት በአንድ ላይ ይይዛል። መምህሩ ውጤቱን ካስገባ ድምሩን፣ አማካዩን፣ ደረጃውንና ካርዱን ማሽኑ ያወጣል። በጽሑፍ ሲታይ የሚያጠራጥር ነገር የለውም።

እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት በኃላፊነት ባገለገልንበት አንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ፕሮግራም አስገብተን ነበር። ስሕተቱ የራሳችን ስለ ነበረ ሳንሸሽግ እንናገረዋለን። ፕሮግራሙን በቢሮአችን ሲያሳዩን ባለ ቀለም ሰንጠረዦቹን አይተን ወደድነው፤ መምህራኑን ግን አላማከርናቸውም። የወረዳው ተቈጣጣሪ በእጅ የተጻፈ ሮስተር ይጠይቀን ይሆናል ብለን በመስጋትም የወረቀቱ ሮስተር እንዲቀጥል አዘዝን። ስለዚህ መምህሩ ቀድሞ በማስታወሻ ደብተሩና በሮስተሩ ሁለት ጊዜ ይጽፈው የነበረውን አሁን ኮምፒዩተሩ ተጨምሮ ሦስት ጊዜ ጻፈው። ለ34 መምህራን የነበሩት ኮምፒዩተሮች አራት ብቻ ስለ ነበሩ ተራ መጠበቅ ግድ ሆነ፤ መብራት በጠፋ ቍጥርም ወረፋው ለማግስቱ ይተላለፍ ነበር። ረጅም ዘመን ያስተማሩ አንድ መምህር ወደ ቢሮአችን መጥተው፣ «አባ፣ ይህ ማሽን የተገዛው ለእርስዎ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም» አሉን። በጊዜው ቅር ተሰኘን። ነገሩን ስናጤነው ግን እውነት ሆኖ አገኘነው፤ ፕሮግራሙ ለቢሮው የሚያወጣቸው ዘገባዎች ብዙ ሲሆኑ ለመምህሩ የሚመልስለት አንድም ሰዓት አልነበረውም። እኒያ መምህር በዓመቱ መጨረሻ ሥራቸውን ለቀው ሄዱ።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ካቶሊካዊ ትምህርት ቤት ዓላማውን ከግብ ለማድረስ ከሞላ ጎደል በመምህራኑ ላይ እንደሚመካ ያስተምራል። ይህን ሰነድ በዘርአ ክህነት ተምረነዋል፤ በስብሰባም ላይ ደጋግመን ጠቅሰነዋል። የመምህራኑን የዕለት ሥራ የሚለውጥ ዕቃ ስንገዛ ግን ትዝ አላለንም።

በሚቀጥለው ዓመት ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠን አንድ ደንብ ብቻ አወጣን፤ ይኸውም ማንኛውም ውጤት አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ የሚል ነው። መምህሩ ያረመውን ውጤት በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገባል፤ ሮስተሩ ከዚያ ይታተማል፤ የክፍሉ ኃላፊና ርእሰ መምህሩ ፈርመውበት ማኅተም ያርፍበታል። የወረዳውም ባለሙያ ይህን ሮስተር ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበለ። ለካስ አንድ ዓመት ሙሉ መምህራኑን ያደከምንበትን ወረቀት የጠየቀን ሰው አልነበረም!

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የግድ ውድ ፕሮግራም አያስፈልግም። በአብዛኛው ቢሮ የሚገኘው ኤክሴል ድምርና አማካይ ለማውጣት፣ ደረጃም ለመስጠት ይበቃል። ጥንቃቄ የሚያሻው ቀመሩን በማወቅ ላይ ነው። ለምሳሌ ሁለት ተማሪዎች እኩል ድምር ቢያመጡና ሁለቱም 3ኛ ቢሆኑ፣ ኤክሴል ለሚከተለው ተማሪ የሚሰጠው 4ኛን ሳይሆን 5ኛን ነው። ትምህርት ቤቱ ሲሠራበት የኖረው ልማድ ከዚህ የተለየ ከሆነ ወላጅ ካርድ ይዞ ከመምጣቱ በፊት ቢወሰንበት ይሻላል።

ከውጭ ሀገር የተሠሩ ፕሮግራሞች ደግሞ የእኛን ስምና የእኛን ዘመን አቈጣጠር ሳያውቁ የሚመጡ መሆናቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የተማሪውን «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃሉ። እኛ ዘንድ ግን ልጅ በአባቱ ስም፣ አባትም በአያት ስም ይጠራል እንጂ ለሁሉም የሚያገለግል የቤተሰብ ስም የለንም። ስለዚህ ልጅንና ወላጅን በቤተሰብ ስም የሚያገናኝ ፕሮግራም አባትና ልጅን እንደ ባዕድ ይቈጥራቸዋል። በፊደላችንም በኩል ችግር አለ። ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ለአንባቢ አንድ ስም ሲሆኑ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ጸሓፊ በ«ኃ» የመዘገበውን ልጅ ሌላው በ«ሀ» ፈልጎ ሲያጣው እንደ አዲስ ይመዘግበዋል፤ በዓመቱ መጨረሻም አንድ ልጅ ሁለት ግማሽ ካርድ ይወጣለታል። መፍትሔው ልጁ ትምህርት ቤት በገባበት ቀን የማይለወጥ የመለያ ቍጥር ሰጥቶ በዚያ መፈለግ ነው።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በጥር ወር 2009 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ ጸሓፊው እንደ ሰማው «2009» ብሎ ቢያስገባ፣ ማሽኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ወስዶ ልጁን ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። በጳጉሜን የተወለደችውንማ 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ ይመልሳታል። እነዚህ ነገሮች ሲነገሩ ያስቁ ይሆናል፤ ነገር ግን ልጁ ለብሔራዊ ፈተና ሲመዘገብ ስሙና ዕድሜው ከሰነዱ ጋር ካልተስማማ መንገላታቱ ቀላል አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ትክክለኛ መዝገብ የመያዝ ጉዳይ ለነገ የሚባል አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መዝገብ ነው። ለማስተማሩ ሥራ የሚያግዙ መሣሪያዎችም አሉ። የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ብዙ መምህራን በቴሌግራም ጥያቄና ማስታወሻ ይልኩ ነበር፤ በቤታቸው ዘመናዊ ስልክ ለሌላቸው ልጆች ግን ይህ አልደረሳቸውም። ስለዚህ ለትምህርት ቤቶቻችን የሚበጁት ያለ ኢንተርኔትም የሚሠሩት ናቸው ብለን እናምናለን። ኮሊብሪ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። ትምህርቶቹ አንድ ጊዜ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫኑ፣ በአንድ ግቢ ያሉ ሌሎች ኮምፒዩተሮችና ታብሌቶች ኢንተርኔት ሳያስፈልጋቸው ከዚያ ይወስዳሉ። ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያ ቅጂው የወጣው ሙድልም እንዲሁ በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ሊተከል ይችላል። በሁለቱም የምርጫ ጥያቄዎችን ማሽኑ ያርማል። መምህሩ የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም ግን ከእርማቱም ይልቅ ብዙ ተማሪዎች የሳቱት ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ ወዲያው ማየቱ ነው። ከ55 ተማሪዎች 30ዎቹ የክፍልፋይን መደመር ከሳቱ፣ መምህሩ የነገውን ትምህርት ከዚያ ይጀምራል። ተማሪው በራሱ አነጋገር የጻፈውን ድርሰት ማንበብና ከጎኑ ማስታወሻ መጻፍ ግን የመምህሩ ድርሻ ነው፤ ከማሽኑ የተረፈው ሰዓትም ለዚህ ቢውል እንወዳለን።

ስለ ቴሌግራም አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ውጤት በሙሉ ከስማቸው ጋር ወላጆች ሁሉ በሚያዩት ቡድን ውስጥ መለጠፍ በአንዳንድ ቦታ ተለምዷል። የመጨረሻውን ደረጃ ያገኘው ልጅ እናቱ ከማየቷ በፊት ጎረቤት አይቶለታል። ይህ ከምግባርም አንጻር ነውር ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የተማሪን መረጃ በጥንቃቄ መያዝ የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ደግሞም መምህሩ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ለሚመጣ መልእክት ሁሉ መልስ እንዲሰጥ መጠበቅ የለበትም፤ ትምህርት ቤቱ የመልስ ሰዓት ወስኖ ለወላጆች ቢያሳውቅ መምህሩ ያርፋል።

የይለፍ ቃሉንና የመጠባበቂያ ቅጂውን ነገር በአጭሩ እናልፈዋለን። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ሥራ ሲለቅ የትምህርት ቤቱም መዝገብ አብሮት ይሄዳል። የመዝገቡ ቅጂም በየሳምንቱ ከኮምፒዩተሩ ውጭ፣ በሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ለካቴኪስቶቻችንም ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ለመጀመሪያ ቍርባንና ለሜሮን የሚዘጋጁትን ልጆች ስም፣ የጥምቀት ቀንና የተገኙበትን ዕለት በአንዲት የኤክሴል ገጽ የያዘ ካቴኪስት፣ ስሙን በየዓመቱ ከመገልበጥ ያርፋል። ኮምፒዩተር የሌለው ግን በደብተሩ ይቀጥል፤ 30 ልጆችን ለመያዝ ደብተር ይበቃል።

በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ውስጥ የምታገለግሉ ምእመናን ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም መዋጮ የምትጠየቁበት ቀን ሊመጣ ይችላል። በዚያ ስብሰባ ላይ ማሽኑን የሚያሳየው ሻጩ አይሁን፤ ከክፍል ኃላፊዎቹ አንዱ ፊት ለፊት ተቀምጦ የአንድ ክፍል ውጤት በራሱ እጅ ያስገባ፤ ካርዱ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ በወረቀትም የሚቀረው ሥራ ምን ያህል እንደ ሆነ ሁሉም ይመልከት።