ከአሮጌ ዲስክ ወደ ፒሲ፦ ፋይል እንዴት ይሻገራል?

ብዙ የተለፋበት ጽሑፍ በአሮጌ ዲስክ ታስሮ እንዳይቀር እንማማር። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የጻፈበት ፍሎፒ ዲስክ በፒሲ ማንበቢያ ልክ ቢገባም አይነበብም። ለምን ቢሉ፣ የሁለቱ መረጃ አጻጻፍ ለየቅል ነው። ታዲያ ምን ይሻላል?

1ኛ/ በስህተት እንዳይጻፍበት የዲስኩን የጎን ቁርጥ በፕላስተር እንሸፍን።

2ኛ/ የኮሞዶሩን ማንበቢያ፣ 1541ን፣ ዙምፍሎፒ በሚባለው ማገናኛ ከፒሲው ዩኤስቢ ጋር እናያይዝ።

3ኛ/ ፋይል ሳንመርጥ 683ቱንም ክፍሎች እንገልብጥ። እያንዳንዱ 256 ባይት ስለሆነ ድምሩ 174,848 ነው። ዲስኩ ያረጃል፤ ነገ ላይነበብ ይችላላ!

4ኛ/ የእንግሊዝኛው ፊደል ትልቁ ትንሽ፣ ትንሹ ትልቅ ሆኖ ቢመጣ አንደናገጥ፤ የኮድ ልዩነት ነው፣ ይቀየራል።

ቅጂው ተከፍቶ ሳይነበብ ግን «ተሻገረ» አንበል።