ቤት የለሽ ማን ነው?

ቤት የለሽ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ነው። እርሱ ግን የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ ነው። በአዲስ አበባ ችግሩ ብዙ ጊዜ ደረጃ በደረጃ ይመጣል።

ሀ. ኪራይ ያቃተው ቤተሰብ ዕቃውን ሸጦ ዘመድ ቤት ይጠጋል። ጣሪያ አለው፤ «ውጡ» ቢባል ግን የሚከራከርበት መብት የለውም።

ለ. ቤቱ ሲጠብ ልጆች በየዘመዱ ይከፋፈላሉ፤ አባት በየሌሊቱ እየከፈለ አልጋ ይከራያል።

ሐ. የአልጋው ገንዘብ ሲያልቅ በረንዳ ወይም የላስቲክ ቤት ይከተላል።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ርካሽ የቀበሌ ቤት ለብዙ ድሃ መጠጊያ ሆኗል። አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ ግን ውል ላይ ስሙ የሌለ ተጠጊ ብዙ ጊዜ ምትክ ቤት አያገኝም። የነዋሪነት መታወቂያም የቤት ቁጥር ስለሚጠይቅ፣ ቤት ያጣ ሰው መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል። ያለ መታወቂያ ደግሞ ሥራ መቀጠር ይከብዳል።

ስለዚህ ከአሠሪዋ ቤት የተባረረች የቤት ሠራተኛ፣ ከጦርነት የሸሸ ተፈናቃይ፣ ዘመድ ቤት የተጠጋች መበለትም በዚህ ስም ይቆጠራሉ። በሉቃስ 10 ያለው ሳምራዊ ቁስለኛውን ወደ ማደሪያ አድርሶ ወጪውን እንደ ቻለ እናስታውስ። የአንድ ወር ኪራይ በጊዜው መርዳት የተበተነን ቤተሰብ ከመሰብሰብ ይቀላል።

ለውይይት፦
1. በመካከላችን በ«ሀ» ደረጃ ያለው ማን ነው?
2. ችግሩን ሳያፍር የሚነግረን እንዴት ነው?